የሐጂ ሮብሌ ጎረቤት ምሳውን ከማን ጋር ይበላል?

ሰው ስለራሱ ክፉ ወሬ ሲሰማ ይቆጣል። እኔ ግን የሰማሁ ቀን አልተቆጣሁም፤ አዘንኩ እንጂ። ያዘንኩት ለሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ በተከራየኋት ቤት ግቢ፣ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብዬ ካልሲ አጥባለሁ። የክልል ምክር ቤት ምርጫ የደረሰበት ሰሞን ስለሆነ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከሰፈር አይጠፋም። ያን ዕለት የመጣችው ፒካፕ የዕጩው የአቶ ዋርሳሜ ነበረች። መጀመሪያ በሶማልኛ ጮኸች፤ ቀጥላ በአማርኛ ደገመችው።

"እኛ አንሳደብም!" አለች። "ሕግ ስድብ ይከለክላል፤ እኛ ሕግ እናከብራለን! እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ ብቻ ነው! ሐጂ ሮብሌ ምረጡኝ፣ ሕዝብ ላገልግል ይላሉ። ጥሩ! ከሐጂ ሮብሌ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው ምሳውን ከማን ጋር ይበላል? ብቻውን! እራቱንስ? ብቻውን! ሲያስነጥሰው ይማርህ የሚለው ማነው? ግድግዳው!"

ከንፈሬን መጠጥኩ። "ምስኪን!" አልኩ ለካልሲው። ጅግጅጋን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። እዚህ ከተማ ብቻውን የሚበላ የለም። ምግብ ቤት ገብታችሁ ሩዝ ብታዙ፣ የማታውቁት ሰው እጁን ታጥቦ ከሳህናችሁ ዳር ይቀመጣል፤ ቢቀር እንኳ ከራሱ ሳህን ሆኖ "ና!" ይላችኋል። እንዲህ ባለ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ለምጻም ነው፣ ወይ ሰው ገድሏል ብዬ አሰብኩ። ቆይቼ ደግሞ ማን ይሆን ብዬ ማሰላሰል ጀመርኩ። ከሐጂ ሮብሌ ግቢ በወዲያ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ፍየል ይግጥበታል። በወዲህ በኩል ያለው ደግሞ... ካልሲው ከእጄ ወደቀ።

ማንነቴን ልናገርና ልቀጥል፤ ስሜን ተዉት፣ ለማንም አይጠቅምም። አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪውም ወላጁም "መዓሊን" ይለኛል፤ በሶማልኛ መምህር ማለት ነው። ዕጣ ወጥቶልኝ ከመሀል አገር ስመጣ "ትንሽ ሠርቼ እቀየራለሁ" ብዬ አንዲት ሻንጣ ብቻ ነበር የያዝኩት። አብረውኝ የመጡት አንድ በአንድ ተቀየሩ። የዝውውር ማመልከቻ ሲጻፍ ምክንያት ይጠየቃል፤ ምክንያት ማለት ደግሞ ሰው ነው፤ ሚስት፣ እናት፣ የታመመ ወንድም። እኔ የምጽፈው ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ቀረሁ።

ሐጂ ሮብሌ በክፉ ጎረቤትነት አይታሙም። በመጣሁበት ዓመት ለአረፋ በትልቅ ሳህን ሩዝ በሥጋ ላኩልኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እስላም ያረደውን አልበላም፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህን አገር ያውቀዋል። አመስግኜ መለስኩ። እሳቸው እንዳላፍር ብለው ከዚያ በኋላ አልላኩም፤ እኔ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ከዚያ በኋላ ደጃቸው አልደረስኩም። በመከባበር ብዛት ተረሳስተን ቀረን።

ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ቶጎጫሌ ድንበሩ ላይ ያለውን የጨርቅ ሱቅ ይዘው እዚያው ይኖራሉ። ግቢያቸው ግን ሰው አጥቶ አያውቅም። ዕቃ ጭኖ የገባ ሾፌር፣ ዕርቅ የሚፈልግ ሽማግሌ፣ ከደገሀቡር ከብት ሊሸጥ የመጣ ዘመድ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚያርፈው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማል። ከአጥሩ ወዲህ እኔና ሬዲዮኔ ነን። ሬዲዮው ይናገራል፤ እኔ እመልስለታለሁ፤ አይሰማኝም። ከብዙ ባልና ሚስት አንሰን አናውቅም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በሳሙና አረፋ በራሰ እጄ ፒካፗን ተከትዬ ሮጥኩ። መስጊዱ ጥግ ላይ ደረስኩባት። ማይክሮፎኑን የያዘው ፈይሰል ነበር፤ ያስተማርኩት ልጅ፣ ዛሬ ግን ጢሙን ያንዠረገገ ጎልማሳ። ክፍል ውስጥ "ድምፅህን ቀንስ" እያልኩ ነው ያስመረቅኩት።

"ወርያ ፈይሰል! ምንድነው የምታወራው?"

"መዓሊን! ሰሙኝ?" ፊቱ በራ። "አማርኛዬ እንዴት ነው?"

"አማርኛህን ተወው! ስሜን አጠፋህ እኮ!"

"ስምዎን አልጠራሁም።"

"ጎረቤታቸው እኔ ነኛ!"

"ብቻዎን አይበሉም እንዴ?"

አፌን ከፈትኩ። ልክድ ፈልጌ ነበር። "አንዳንድ ቀን እንግዳ ይኖራል" አልኩ።

"ማን?" አለ ፈይሰል፣ ከልቡ ለማወቅ።

እጄ ላይ የቀረውን አረፋ በሱሪዬ ጠረግኩ። እሱም ትከሻዬን ያዘ። "መዓሊን፣ እኛ እርስዎን አልነካንም። ወላሂ! የነካነው ሐጂን ነው። እርስዎ ማስረጃ ነዎት።"

ማስረጃ! እናቴ የወለደችኝ ማስረጃ ልታደርገኝ ነው? ቢቸግረኝ "ለማንኛውም 'ላገልግል ይላሉ' ያልከው ጥሩ አማርኛ ነው" ብዬው ተመለስኩ።

በማግስቱ እሑድ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሐጂ ሮብሌ፣ ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ጎረምሶች፣ ከጎረምሶቹ ኋላ ፎቶ አንሺ፣ በመጨረሻ ደግሞ አራት ሰው የተሸከመው ትሪ ላይ ሩዝ ተኝቶበት፣ ሩዙ ላይ ፍየል ተኝቶበት መጣ። ተከትሎ የግመል ወተት በጄሪካን ገባ።

"ወንድሜ! ጎረቤቴ!" አሉ ሐጂ፤ ፎቶ አንሺው እንዲሰማ ጮክ ብለው። አቀፉኝ። ካቀፉኝ በኋላ በጆሮዬ በቀስታ፣ "መዓሊን፣ ስምህን ማን ልበል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ወንድሜ እገሌ!" ብለው እንደገና አቀፉኝ፤ የመጀመሪያው ፎቶ አልተነሣም ነበርና።

ተቀመጥን። ሁሉም እጁን ታጠበ። ሁሉም እኔን አየ። ያኔ ነበር ሰበብ ፍለጋ አፌ ያመለጠኝ፦ "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጾም ነው። ፍልሰታ ገብቷል።"

እውነት ነው፤ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እንደ ሌላው ዓመት ሁሉ እሱ ገባ እንጂ እኔ አልገባሁበትም። ፍልሰታን ሕፃናት እንኳ ይጾሙታል። ጾም ግን ከሰው ጋር ነው የሚያምረው፤ አብሮ የሚርበው፣ አብሮ ጾሙን የሚፈታው ይፈልጋል። ብቻውን ለሚበላ ሰው ዓመቱ በሙሉ ጾም ነው፤ ሌላ ጾም ምን ይጨምርለታል! ይህን ለሐጂ ማስረዳት ስላልቻልኩ አንገቴን ደፋሁ።

ሐጂ ፍየሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፎቶ አንሺውን አዩ። "አታንሣ" አሉት። ፍየሉን እንግዶቹ በሉት። እኔ ጥግ ይዤ ደረቅ ዳቦ ገመጥኩ። ግን ልንገራችሁ፣ ግቢዬ ውስጥ ሰው ሲበላ፣ ሲሳሳቅ፣ አጥንት ሲቀባበል ማየት እንዴት ደስ አለኝ! ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም በየተራ ሸኘሁ። የተረሳ ነጠላ ጫማ አግኝቼ ባለቤቱ እንዲመለስ በሩ ላይ አስቀመጥኩለት።

ሰኞ ጠዋት ፒካፗ መጣች። "እኛ አንሳደብም! ጥያቄ ብቻ! ለጾመኛ ሰው ፍየል የሚወስድ ማነው? አጥር ለአጥር ተቀምጦ የጎረቤቱን ጾም የማያውቅ፣ የሕዝቡን ረሃብ ያውቃል ወይ?"

አሁን ይህ ክፉ ጥያቄ ነው። በርጫ የተቀመጠው ሁሉ ጫቱን ይዞ "ወላሂ እውነት ነው" አለ። የሐጂ ሮብሌም መኪና ዝም አላለችም፤ እሷም "ጥያቄ" ጀመረች። "የዋርሳሜ ቤት ደገሀቡር! የዋርሳሜ ግመሎች ቱሊ ጉሌድ! ዋርሳሜ ጅግጅጋ ውስጥ ጎረቤት አለው ወይ? ጎረቤቱ ጅብ ነው!" ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እዚህ ግን ሣሩን ማን ያጠጣው በሚል ነበር ጠቡ።

መከራዬ የጀመረው ሻይ ቤት ነው። ዘወትር ጠዋት ሻይ በወተት እጠጣለሁ። አስተናጋጁ አብዲ ሳላዝ ያመጣልኝ ነበር። ያን ቀን ጥቁር ሻይ አስቀመጠልኝ።

"ወተቱስ?"

"መዓሊን" አለ ዝቅ ብሎ፣ "ጾም ነው።"

"ትንሽ ብቻ..."

"አይሆንም።" ዙሪያውን አየ። "የዋርሳሜ ሰዎች ካዩ በዋርሳሜ መኪና ያወራሉ፤ የሐጂ ሰዎች ካዩ በሐጂ መኪና ያወራሉ። ደግሞ ኃጢአት ነው።"

ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ዕንቁላሉን ስጠይቃት በእጇ ከለለችው፤ ዕንቁላሉ የኔን ፊት እንዳያይ የፈለገች ያህል። "ከጾሙ በኋላ ና" አለችኝ። ቅቤ ሻጯ ገና ከሩቅ ስታየኝ ክዳኑን ዘጋችው። እንዲህ ሆኖ የጅግጅጋ እስላም በሙሉ የጾሜ ዘበኛ ሆነ። ያደግኩበት ሰፈር ካህናት ዕድሜ ልካቸውን መክረው ያቃታቸውን ነገር አንድ ፒካፕ በሳምንት ፈጸመችው። ጾምኩ። ወድጄ አይደለም፤ የሚያስፈስከኝ አጥቼ ነው።

ሐጂ ሮብሌ ሥጋው ላይ ስለተሸነፉ በጾም ምግብ መጡ። ከቶጎጫሌ አንድ ካርቶን ቱና በቆርቆሮ አስጭነው፣ ፓስታና ቲማቲም ጨምረው፣ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው ምሳ ሰዓት ላይ ገቡ። "ዓሣ ነው፤ ደም የለውም፤ ጠይቀናል" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ፒካፗ፣ "ጥያቄ! ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም?" ስትል ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግመል ነጋዴው፣ ጨርቅ ሻጩ፣ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ፣ ሁሉም ስለ ኦርቶዶክስ ጾም ሥርዓት ይከራከር ጀመር። "ዓሣ ነፍስ አለው" ይላል አንዱ። "ግን አይታረድም" ይላል ሌላው። አንድ ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው እኔኑ ጠየቁኝ። "እንደ አገሩ ነው" አልኳቸው። "የአንተ አገር የት ነው?" አሉኝ። ይህም ከበደኝ።

ነገሩ በክርክር ስላልተፈታ ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ሽማግሌዎች የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ዘንድ ሄዱ። ቄሱ ደንግጠውም፣ ደስ ብሏቸውም ተቀበሏቸው። የዓሣውን ጉዳይ አብራርተው ከጨረሱ በኋላ፣ "ለመሆኑ ይህ ጾመኛ መምህር ማነው? እኔ አላውቀውም" አሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይተውኝ አያውቁማ!

ሽማግሌዎቹ አዝነው መጡ። "መዓሊን፣ እንዴት ቄስህ አያውቅህም?" አሉኝ። የጅግጅጋ ሰው ሁሉን ነገር ይችላል፤ የራሱ ሽማግሌ የማያውቀውን ሰው ግን አይችልም። በማግስቱ ለቅዳሴ ልሂድ ስል ደጄ ላይ ሁለት መኪና ቆሟል፤ አንዱ የሐጂ፣ አንዱ የዋርሳሜ። ማን ያድርሰው በሚል ሊጣሉ ሆነ። በመጨረሻ በሐጂ መኪና ሄጄ በዋርሳሜ መኪና እንድመለስ ተስማሙ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በድምፅ ማጉያ ታጅቤ፣ ኮፊያ ባደረጉ ጎረምሶች መሀል ቁጭ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው አጥር ድረስ ወጡ። መጀመሪያ ጠብ የመጣ መስሏቸው ነበር። እኔ ስወርድ ሲያዩ "እግዚአብሔር ሥራው ብዙ ነው" ብለው ገቡ።

እስካሁን የቀለድኩት ደስ ብሎኝ ስለነበረ ነው። ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ ያ ሁሉ ክፉ ወሬ ደግሶልኝ መጣ። በየቀኑ ምሳ ላይ ሰው አለኝ። አንድ ቀን የሐጂ ሰዎች፣ አንድ ቀን የዋርሳሜ ሰዎች፣ ሲሳሳቱ ደግሞ ሁለቱም። ሽሮ በትልቅ ድስት መሥራት ተማርኩ። ከጎረቤት ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ተዋስኩ። ሳስነጥስ የግቢው ሰው በአንድ ድምፅ "የርሐሙከላህ" ይለኛል፤ ሳያመኝም አስነጥስ ጀመር። አልጋዬ ላይ ስተኛ ነገ ማን ይመጣ ይሆን እላለሁ። እንዲህ ብዬ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ታዲያ ምርጫው በቀረበ ቁጥር ቀኑን መቁጠር ጀመርኩ። ሌላው ሰው ማን ያሸንፍ ይሆን እያለ ይጨነቃል፤ እኔ ምርጫው እንዳያልፍ ነው የምጨነቀው። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የማንም ማስረጃ አይደለሁም። ማስረጃ ካልሆንኩ ደጄን የሚያንኳኳ የለም። ቄሱ "ምን ልጸልይልህ?" ሲሉኝ "ምርጫው እንዲራዘም" ልል ከጅሎኝ ተውኩት።

ይባስ ብሎ ፒካፗ ስለ እኔ መጠየቅ ተወች። ስለ ውኃ ቧንቧ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት ሆነ ጥያቄዋ ሁሉ። ምሳ ላይ የሚመጣው ሰው ሳሳ። ፈይሰልን ፈልጌ ሄድኩ።

"ምነው እኔን ተዋችሁኝ?"

"መዓሊን፣ እርስዎ ጠግበዋል እኮ" አለኝ እየሳቀ። "ከጠገበ ሰው ጥያቄ አይወጣም።"

"ይወጣል። እኔ እጽፍልሃለሁ።"

ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁና ራሴን የሚያጠቃ ቅስቀሳ መጻፍ ጀመርኩ። ስንት ዓመት ድርሰት አርሜ የለ! ከፈይሰል የተሻለ እንደምጽፍ አልተጠራጠርኩም። "እኛ አንሳደብም፤ ጥያቄ ብቻ" ብዬ ጀመርኩ። "ይህ ሰው ቢታመም ውኃ የሚያቀብለው ማነው? ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለማን ደህና ሰንብት ይላል? አንድ ቀን በሩ ሳይከፈት ቢውል፣ ስንተኛው ቀን ላይ ነው ሰው ልብ የሚለው? ያኔስ ለማን ይነገራል? የማን ስልክ ይደወላል?"

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ለሌላ ሰው የምጽፍ መስሎኝ ቀልጠፍ ቀልጠፍ እያልኩ ነበር። መልሱን ግን አንድም አላውቀውም። ጠረጴዛው ላይ ክንዴን ደርቤ ተቀመጥኩ። ሬዲዮው ያወራ ነበር፤ ዘጋሁት።

ወረቀቱን ለፈይሰል ወሰድኩለት። ማይክሮፎኑን ጭኑ ላይ አድርጎ አነበበው። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። ያ ሳቂታ ልጅ አልሳቀም።

"መዓሊን" አለ፣ "ይሄ ለማይክሮፎን አይሆንም።"

"ለምን? ረዘመ?"

"አይደለም።" ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። "ይሄ ጥያቄ የሐጂ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ይሄን እኔ አልጮኸውም።"

የምርጫው ቀን ሰልፉ ውስጥ ከሐጂ ሮብሌ ሰዎችና ከዋርሳሜ ሰዎች መሀል ቆምኩ። ሁለቱም ወገን ጨበጡኝ። ገብቼ መጋረጃው ውስጥ ብዙ ቆየሁ፤ አስመራጩ "መምህር፣ ችግር አለ?" እስኪለኝ ድረስ። ችግሩ ምን እንደሆነ እንዴት እነግረዋለሁ? ወረቀቷ ሳጥኑ ውስጥ ስትወድቅ ምሳዬም አብሯት ይወድቃል። ማንን እንደመረጥኩ አልነግራችሁም፤ ሕግ ነው። ወረቀቷን ከተትኩና ወጣሁ። ወደ ቤት ብቻዬን በእግሬ ሄድኩ።

ዋርሳሜ አሸነፉ። ጥሩንባው፣ ሆታው፣ ጭፈራው በሙሉ ለምርጫው ብለው ከተማ ውስጥ ወደ ተከራዩት ቤት ሄደ። እኔ ግን ሰው ይመጣ ይሆናል ብዬ በትልቁ ድስት ሠራሁ። ተቀመጥኩ። አግዳሚ ወንበሩን ወልውዬ ዳር ዳሩን አስተካከልኩት። በሩን ገርበብ አደረግኩት፤ ኋላም ገርበብ ያለ በር ባዶ ቤት ያስመስላል ብዬ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አንዲት ፍየል ገብታ አይታ ወጣች። በማግስቱ ሻይ ቤት ስቀመጥ አብዲ ሻይ በወተት አምጥቶ አስቀምጦልኝ ሄደ። ጾሙ ተፈቷል፤ ትክክል ነው። ቢሆንም ትንሽ ቆም ብሎ አንድ ነገር እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። ብርጭቆውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮዬን በትንሿ ድስት ሠርቼ ሳቀርብ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ የለም። ሳቅ የለም፤ ሳህን የለም። ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ መታሁት፤ ይሰማል። ዓርብ ቀን፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ፣ የሐጂ ሮብሌ ግቢ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ወሬውን ቀድሜ ሰምቼ ነበር፤ አስተውዬው አልነበረም እንጂ። ያሸነፈ ሰው ቤት ጫማ ማውለቂያ ቦታ ጠፍቷል፤ የሐጂ የራሳቸው ሰዎች ሳይቀሩ "በአንድ ፍየል ያዋረዱን" እያሉ እዚያ ናቸው።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እንጀራውን ትሪ ላይ ዘርግቼ ሽሮውን መሀሉ ላይ ገለበጥኩ፤ ሸፈንኩት፤ ወጣሁ። ስንት ዓመት የኖርኩበትን አጥር ዞሬ በራቸውን አንኳኳሁ። ቢመልሱኝስ?

ራሳቸው ከፈቱ። እኔን አዩ፤ የያዝኩትን አዩ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዩ።

"ማን ላከህ?"

"ማንም።"

"ፎቶ አንሺው የታለ?"

"የለም፣ ሐጂ።"

"ምርጫው አልቋል እኮ፣ መዓሊን።"

"አውቃለሁ። ምሳ ነው ያመጣሁት።"

ዓይናቸው ትሪው ላይ ነው። "ሥጋ አለበት?"

"ሽሮ ነው። ሽሮ ሃይማኖት የለውም።"

ጢማቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። "ግባ" አሉኝ።

ትልቁ ክፍል ውስጥ ምንጣፉ ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል። ምንጣፉ ላይ አንድ ትራስ፣ አንድ ፔርሙዝ፣ አንድ ግማሽ ዳቦ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሳቁን እየሰማሁ የቀናሁበት ክፍል ይኸው ነው። ዳቦውን ወደ ጎን ገፉትና ቦታ ለቀቁልኝ። እጃችንን ታጠብን። እሳቸው ቢስሚላህ አሉ፤ እኔ አማተብኩ። አንድ ጉርሻ ወሰዱና ብዙ አላመጡ። እኔ ሳልበላ አፋቸውን አየሁ።

"ጨው የለውም" አሉ።

"ምን?"

"ጨው! ጨው ረስተሃል። ሰው ይሄን እንዴት ይበላል?"

ያን ሰሞን ሽማግሌውም ጎረምሳውም ስንት ድስት ሽሮ በልቶልኛል። ሁሉም "ማሻአላህ፣ መዓሊን፣ ግሩም ነው!" ብሎኛል፤ ሁሉም አመስግኖኛል። ለራሴ ስሠራ ቀምሼ አላውቅም፤ ማን ይታዘበኛል? ጨው እንደምረሳ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሽሮ የሚያለቅስ ሰው እንዳልመስል ቶሎ ተነሣሁ።

"ጨው የት ነው ያለው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ባለቤቴ ናት የምታውቀው። ከአንተ ቤት አምጣ።"

በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

"መዓሊን!"

"አቤት ሐጂ?"

እጃቸውን ከትሪው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

"ቶሎ ና" አሉኝ። "ብቻዬን አልበላም።"

ሮጥኩ።